ስድስተኛዋ የጥድ ፍሬ

በበዓሉ ዋዜማ ጠረጴዛው መሃል ላይ ያስቀመጥኳቸው የጥድ ፍሬዎች አምስት ነበሩ። ከፈለጋችሁ እምላለሁ። የለቀምኳቸው እኔ፣ ያሰርኳቸው እኔ፣ ክሩን የቆረጥኩት እኔ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ግን ስድስት ሆነው ተገኙ፤ ቤተሰቡም በሙሉ ዓይኑን አፍጥጦ እኔን ያይ ጀመር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ለእኔ ማንም አላስረዳኝም፤ እናንተ ግን እንደኔ ግራ አይግባችሁ። በባሌ ቤት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር የሚውል አንድ በዓል አለ፤ ያን ቀን ምሳ የሚበላበት ጠረጴዛ መሃል ላይ ጌጥ ይቀመጣል። ቤተሰቡ «መሃሉ» ይለዋል። መሃሉ የሚሠራው ከሜዳ ከተለቀመ ነገር ብቻ ነው፤ የዛፍ ቅርፊት፣ ቀይ ቅጠል፣ የደረቀ ሣር፣ የጥድ ፍሬ። እስከዚህ ድረስ እኔም አውቅ ነበር። የማላውቀው የጥድ ፍሬው ሰው መሆኑን ነው። በቤቱ ስንት ሰው አለ? ያን ያህል ፍሬ ይቀመጣል። ልጅ ሲወለድ አንድ ይጨመራል፣ ሰው ሲሞት አንድ ይቀነሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ማንም ሳይሞት አንድ ተቀንሷል። የተቀነሰው የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

እንግዲህ አንዲት ፍሬ ተርፋ መገኘቷ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በቀር ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኔ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ስም እያለኝ እንኳ ገና «ሙሽሪት» ነው የምባለው።

ዋናዋ ባለታሪክ ግን እኔ አይደለሁም፤ የባሌ እናት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። እማማ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሠርተዋል፤ ሥራቸው ግን ማጠብ አልነበረም፣ መቁጠር ነበር። ከየክፍሉ የሚመጣውን አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የሐኪም ጋዋን ቆጥረው ይረከባሉ። ታጥቦ ተተኩሶ ሲወጣ ደግሞ ቆጥረው ያስረክባሉ። የገባውና የወጣው ካልገጠመ ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ቤት አይሄዱም። ሠራተኛው «ቆጣሪዋ» የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ እሳቸውም ቅር አላላቸውም።

ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት ሆናቸው። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው እንጂ ከንፈራቸው አይደለም። ደረጃ ሲወጡ ይቆጥራሉ፣ ድንች ሲልጡ ይቆጥራሉ፣ ገመድ ላይ ልብስ ሲሰጣ የልብስ መቆንጠጫውን ይቆጥራሉ። ባሌ «እማዬ ሲያቅፉኝ የጎድን አጥንቴን የሚቆጥሩ ይመስለኛል» ይላል። እኔ ወደዚያ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ፎጣ ብጠይቃቸው ቁም ሣጥኑን ከፍተው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩና «አምስተኛው ያንቺ ነው» አሉኝ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። እናቴ ቤት ፎጣ ማንም ያገኘውን ነው የሚያነሳው።

ዘንድሮ በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እማማ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳለጣቸውና የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። በጀሶ ታሠረ። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና ጀሶውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

«መሃሉን ዘንድሮ አንቺ ነሽ የምትሠሪው።»

«እኔ? ምን አውቄ፣ እማማ?»

«ምን እውቀት አለው? ከሜዳ ትለቅሚያለሽ። የተገዛ ነገር አይገባም። በክር ታስሪያለሽ። ሙጫ የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ፤ በዓሉ ሲያልፍ ሁሉም ተፈትቶ ወደ ሜዳው ነው የሚመለሰው። የጥድ ፍሬውን ደግሞ ቆጥረሽ አስገቢ።»

«ስንት ላስገባ?»

ትክ ብለው አዩኝ። እንደዚያ ያለ ጥያቄ በዚያ ቤት ተጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«በልኩ ነዋ!» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ማታ ባሌን «በልኩ ማለት ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ካልሲውን እያወለቀ ነበር። «እማዬ በልኩ ካሉ በልኩ ነው» አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር ዕድሜ ልኬን ልኖር ነው ብዬ ጣሪያውን አየሁ።

ጠረጴዛው ራሱ የባሌ አባት ሥራ ነው። አባባ አናጺ ናቸው፤ ከቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ የለበሰች ወርክሾፕ አለቻቸው። ጠረጴዛውን ስድስት ወንበሮቹን ጨምሮ ለእማማ የሠሩላቸው በተጋቡ ዓመት ነው። አንድ ሚስማር፣ አንድ ጠብታ ኮላ የለበትም፤ እንጨቱ እርስ በርሱ ተሰካክቶ ነው የቆመው። ኮላ የሚቀባ አናጺ መለካት ያቃተው አናጺ ነው ባይ ናቸው፤ ይህን የማይነግሩት እንግዳ የለም።

ታላቁን ልጃቸውን እህቱ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው፤ እኔም እንደዚያው ልበለው። ወንድም ጋሼ አሥራ አራት ዓመት ከአባቱ ጋር መላጊያ ሲገፋ ኖረ። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥቶ የቺፕውድ ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ተቀጠረ። ቺፕውድ ማለት ሰጋቱራ በኮላ ተለውሶ፣ ተጨፍልቆ ሳንቃ የሆነ ነው። አባባ ደም ሥራቸው ተገታተረ። «እኔ ጠርጌ የምጥለውን ሰጋቱራ ልጄ ሄዶ ይሸጠዋል!» አሉ። እሱም አፉ አላረፈም፤ «የእርስዎን ወንበር የፈለገ ሰው ሦስት ወር ይጠብቃል፣ የእኛን የፈለገ በዕለቱ ጭኖ ይሄዳል» አላቸው። በዚያው ሰሞን በዓሉ ደረሰ። ምሳ ላይ አባባ ብድግ አሉና ከመሃሉ ላይ የአንዷን ፍሬ ክር በገዛ እጃቸው ፈቱ፤ ፍሬዋን በመስኮት ወረወሯት።

«በኮላ የሚሠራ ሰው እኔ በሠራሁት ጠረጴዛ አይበላም» አሉ።

ወንድም ጋሼ ሾርባውን ሳይጨርስ ወጣ። ወንበሩ ወደ ወርክሾፑ ተወስዶ የቀለም ጣሳ ማስቀመጫ ሆነ። እማማ በሁለት ዓመት ውስጥ ልጃቸውን ያዩት አሥራ ሰባት ጊዜ ነው፤ ያውም ከሱቁ ማዶ ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ቆመው በመስታወቱ ውስጥ። ገብተው ቢያናግሩት አባባን የከዱ ይመስላቸዋል፤ ጭራሽ ባያዩት ደግሞ አይችሉም። አሥራ ሰባት መሆኑን እንዴት እንደማውቅ አትጠይቁኝ፤ ማን እንደሚቆጥር ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ባሌ ታላቅ ወንድም እንዳለው፣ ሠርጋችን ላይ እንዳልነበረ፣ ወሬው ሲነሣም ሰው ሁሉ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት በግማሽ ቀን ወጥቼ፣ ከረጢት ይዤ ለቀማ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ከወደቀ ግንድ ላይ ተልጦ የተጠቀለለ ቅርፊት አገኘሁ፤ ርዝመቱ ክንድ ያህላል፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ትንሽ ጀልባ ይመስላል። እዚያው አካባቢ ራሱ የጠወለገ ቡናማ ሣር አጨድኩ። ቀዩ ቅጠል የተገኘው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ነው። ጎንበስ ብዬ ጥሩ ጥሩውን ስመርጥ አውቶቡስ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ «እህቴ፣ ጠራጊዎቹ ሰኞ ይመጣሉ፣ ምን አደከመሽ?» አለኝ። ሳቅሁለት። ምን ልበለው?

ጥድ ያለው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። ከረጢቴን ሞልቼ ቀና ስል ዘበኛው አጠገቤ ቆሟል።

«ምን ጠፋሽ?»

«ምንም አልጠፋኝም። የጥድ ፍሬ እየለቀምኩ ነው።»

«ለምን ይሆናል?»

«ለጠረጴዛ።»

ትንሽ አሰበና ድምፁን አለስልሶ «የተኛሽ ነሽ ወይስ ተመላላሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

ያዳኑኝ የእጥበት ክፍሉ ሴቶች ናቸው። ሦስት ሆነው አንሶላ ሲያሰጡ ክርክራችንን ሰምተው መጡ። የማን ምራት እንደሆንኩ ስነግራቸው ዘበኛውን «ሂድ ወደዚያ፣ የቆጣሪዋ ሰው ናት!» ብለው አባረሩልኝ። ከዚያ የእማማን ወሬ ያዙ። አንድ ቀን አንድ አንሶላ ጎደለ አሉ። እማማ አራቱንም ፎቅ አልጋ በአልጋ ሲዞሩ ዋሉ። በመጨረሻ አንድ ብርድ የጠናበት ሽማግሌ በሽተኛ ከፒጃማው ሥር ሰውነቱ ላይ ጠምጥሞት አገኙት። ሁሉም ይቀሙታል ብሎ ሲጠብቅ፣ እማማ ብርድ ልብሱን መልሰው አለበሱትና መዝገባቸው ላይ «አንድ አንሶላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት አባት ዘንድ» ብለው ጻፉ። ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«አማትሽ ዕቃው ያለበትን ካወቁ ይበቃቸዋል» አለችኝ ትልቋ። ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለመሆኑ ዘንድሮ ስንት ነው የምታስገቢው?»

«እስኪያምርብኝ ድረስ» አልኩ።

ሦስቱም ተያዩ። አንዷ አፏን በአንሶላው ጫፍ ሸፈነች። ሌላዋ «ይቺ ደፋር ናት!» አለች፤ ለምስጋና ይሁን ለሐዘኔታ አልገባኝም። የጥድ ፍሬ መልቀም ምን ድፍረት እንደሚጠይቅ እያሰላሰልኩ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ከሐሳቤ ብዛት ከረጢቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ በላዩ ተቀመጥኩበት። ቤት ደርሼ ስዘረግፈው ሳይሰበር የተረፈው አምስት ብቻ ነው። ስለዚህ አምስት ያስገባሁት አስልቼ ሳይሆን በመቀመጫዬ ጥፋት ነው።

ዋዜማው ላይ ከሰዓት በኋላ መመገቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ሠራሁት። ቅርፊቱን ገልብጬ ሣሩን አነጠፍኩበት። ቅጠሉን ከሥር እስከ ጫፍ ደረደርኩ። ከዚያ ከቀይ ክር አምስት ቁራጭ ቆረጥኩና አምስቱን ፍሬ አንድ በአንድ ከቅርፊቱ ጋር አሰርኩ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው፣ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ ያምር ነበር። እማማ ጀሶአቸውን አቅፈው መጡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«አምስት» አሉ። «ጎሽ፣ ልጄ። ልክ ነው።»

አፋቸው ልክ ነው ይላል እንጂ ፊታቸው ዳምኗል። ወንበር ስበው ተቀመጡና በግራ እጃቸው ሣሩን ይነካኩ ጀመር።

«አላማረም እንዴ፣ እማማ?»

«አምሯል። ምን ይወጣለታል። ልክ ነው አልኩሽ እኮ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔም ጥፋቴን ፍለጋ ቅጠሉን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት። ሰው እያመሰገነ የሚያለቅስበት ቤት ገብቼ አላውቅም።

በበዓሉ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ አባባ ከመመገቢያ ክፍሉ ሲወጡ በሩ ላይ ተገጣጠምን። ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል። «ዳቦው ትኩስ ነው?» አሉኝ። «ትኩስ ነው፣ አባባ» አልኩ። «ጥሩ» አሉና በጓሮ በር ወጡ። በአራት ወር ውስጥ ከእኔ ጋር ያደረጉት ረጅሙ ጨዋታ ይህ ነበርና ቀኔ በመልካም እንደጀመረ ቆጠርኩት።

ምሳ ሲደርስ የባሌ እህት ሳህን ተሸክማ መመገቢያ ክፍሉ ገባች። ወዲያው ሳህኖቹ ሲንቀጫቀጩ ሰማሁ። ተመልሳ መጥታ ክርኔን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«አታስመስይ! እኔ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለእማዬ እንኳ ገና አልነገርኳቸውም። ፋርማሲው ውስጥ አብረን ስለምንሠራ አብረን ምሳ እንበላለን፣ በቃ። እና አንቺ አምጥተሽ ጠረጴዛ ላይ ታወጪዋለሽ?»

«ማንን ነው ጠረጴዛ ላይ ያወጣሁት?»

«ተይ እንግዲህ!» ብላ እያለቃቀሰች ወጣች።

ሁለት ነገር ብቻ ገባኝ፤ የባሌ እህት ወዳጅ አላት፣ ፋርማሲስት ነው። እሱን ከእኔ የጥድ ፍሬ ጋር ምን እንዳገናኘው ግን ላዞረው ላገናኘው ብል አልሆነልኝም። የሾርባውን ድስት ይዤ ወደ መመገቢያ ክፍሉ ስገባ ደግሞ ባሌ መሃሉ ፊት ደርቆ ቆሟል። ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ድስቱን ከእጄ ነጠቀኝ።

«አንቺ ከዛሬ ጀምሮ ምንም ዕቃ አትሸከሚም።»

«ለምን?»

«ቁጭ በይ። ለምን ግን ቀድመሽ ለኔ አልነገርሽኝም? ሰው በጠረጴዛ ጌጥ ይነግራል እንዴ? ቆይ፣ አልተናደድኩም፤ ደስ ብሎኛል። አልጋውን አባባ ይሠሩታል…»

«የምን አልጋ?»

«የልጁ ነዋ!»

«የማን ልጅ?»

ባሌ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመ። «አባባ፣ እማዬ፣ እህቴ፣ እኔ፣ አንቺ» እያለ የጥድ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካቸው። «አምስት። ታዲያ ስድስተኛው ማነው?»

የፍሬዎቹ ነገር የገባኝ ያኔ ነው፤ ካገባሁ ከአራት ወር በኋላ፣ ምሳው ሊቀርብ አምስት ደቂቃ ሲቀረው። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። ስድስት። ደግሜ ከወዲያ ጫፍ ጀምሬ ቆጠርኩ። ስድስት። ነገር ዓለሙ ዞረብኝ። በሥራዬ አምስት ቅጂ ሲሉኝ አምስት፣ ሃምሳ ሲሉኝ ሃምሳ አውጥቼ የምሰጥ ሰው ነኝ።

«እኔ አምስት ነው ያሰርኩት!»

«እርጉዝ አይደለሽም?»

«አይደለሁም!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከኔ በላይ ማን እርግጠኛ ይሁን!»

ያኔ የባሌ ፊት ሁለተኛ ጊዜ ተለዋወጠ። «እንግዲያው ወንድም ጋሼ ነው» አለ በሹክሹክታ። «አባባ ካዩት ጉድ ፈላ። አውጪው፣ ቶሎ አውጪው!» እጄን ገና ስዘረጋ በሩ ተከፈተና አባባ ገቡ፤ እማማም ተከትለው። እጄን መልሼ የሌለ ፍርፋሪ የምጠርግ መሰልኩ።

ተቀመጥን። አባባ ሾርባቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች በሌባ ጣታቸው አውራ ጣታቸውን ይፍቃሉ። የባሌ እህት ዓይኗ ቀልቷል። እማማ ቀና አሉና ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አምስት ላይ ሲደርሱ ቆም አለ። ከዚያ አንዴ ጨመሩ።

«ስድስት ነው» አሉ።



«ማን ነው የሠራው?» አሉ አባባ፣ ቀና ሳይሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ፣ ግን እኔ ያሰርኩት አም…» ባሌ እግሬን ረገጠኝ።

«ሙሽሪት ናት። አታውቅም» አሉ አባባ። «ሳታውቅ ያስቀመጠችውን ማንሳት ደግሞ ነውር ነው።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ፣ ተነሡ፣ በጓሮ በር ወጡ። በአራት ወሬ የሰው ትዳርና የሰው ምሳ አፈረስኩ አልኩ። ደግሞም ያላደረግሁትን! ማልቀስ ጀመርኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ግን በቅጡ አላውቅም ነበር።

እማማ አላለቀሱም። ጎንበስ ብለው ስድስተኛዋን ፍሬ በቅርብ አዩአት። እኔም በእሳቸው ዓይን አየሁ፤ አምስቱ በቀይ ክር ታስረዋል፣ ስድስተኛዋ ክር የላትም። አነስ ያለች፣ አንድ ጎኗ የሰጋቱራ አቧራ የለበሰ አሮጌ ፍሬ ናት። እማማ አንዲት ቀይ ቅጠል በግራ እጃቸው አንስተው ግርጌዋን ሸፈኑ። ከዚያ ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ።

«ደውይለት።»

«ለ… ለማን?» አለች፣ ክው ብላ።

«ለወንድምሽ ነዋ! ለሌላ ለማን ልትደውይ አማረሽ? ቁጥሩን ደብቀሽ እንደያዝሽ የማላውቅ መስሎሻል? ከተቆጠረ ቦታው ላይ መገኘት አለበት። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ይምጣ በይው።»

ስልኩ ገና ሳይዘጋ የጓሮው በር ተከፈተ። አባባ ወንበር ተሸክመው ገቡ። መቀመጫው ላይ የነጭና የአረንጓዴ ቀለም ጣሳ ክብ ክብ ምልክት አለበት። በእጅጌያቸው ወለወሉት፤ ምልክቱ አልለቀቀም። በራሳቸውና በእማማ ወንበር መካከል አስገቡት፣ ተቀመጡ፣ እንደገና አውራ ጣታቸውን ይፍቁ ጀመር። ያን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ተቆጥተዋል ያልኩት ሰው ወንበር ያመጣል እንዴ?

ሃያ ደቂቃ ማንም አልበላም። ሾርባው ቆዳ አወጣ።

ወንድም ጋሼ የሱቁን ሰማያዊ ጃኬት እንደለበሰ መጣ፤ የሱቁ መታወቂያ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ባሌን ይመስላል፣ ግን ትከሻው እንደ አባባ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ይግባ ይመለስ የሚነግረው አጣ። እማማ ጀሶአቸውን ጠበቅ አድርገው አቀፉት።

«ምን ቆምክ?» አሉ አባባ ለሾርባቸው። «ምግቡ ቀዘቀዘ።»

ገብቶ ተቀመጠ። የጣሳውን ምልክት በመዳፉ ዳሰሰው። ዳቦ አቀበልኩት፤ «ሙሽሪት ነኝ» አልኩት፤ ሌላ የምለው ጠፋኝ። «ሰምቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ዓይኑ መሃሉ ላይ አረፈ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የእናቱ ልጅ ነው። እጁን ዘርግቶ ክር የሌላትን ፍሬ ያዘ። ከቦታዋ ነቅነቅ አለች እንጂ አልተነሣችም። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ግርጌዋን ነካ። ጣቱን ሲያነሳ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፏል። አሸተተው።

«ይሄ ኮላ ነው» አለ።

ኮላ! በዚያ ቤት፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ! ባሌ ወደ እህቱ፣ እህቱ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እማማ አየሁ። እማማ ጣሪያውን እየተመለከቱ ነበር። ቅጠሉን ለምን እንዳለበሷት ያኔ ገባኝ።

ወንድም ጋሼ ጣቱን ለሁለተኛ ጊዜ አሸተተ። የኮላ ሰው ነው፣ ያውቀዋል። «ይሄ እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ትቼው የሄድኩት ጣሳ ነው» አለ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ሁለት ዓመት አልፎታል። አርጅቷል። አይይዝም።»

አባባ ከአውራ ጣታቸው ላይ የደረቀች ነጭ ቅርፊት ላጡና የሳህናቸው ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። ጠዋት ዳቦው ትኩስ እንደሆነ የጠየቁኝ በዚያች ጣት ኪሳቸውን እያቦኩ ነበር። ቤቱ ሁሉ በእኔ ሲያሳብብ እሳቸው ከኋላዬ ተሸሽገዋል።

«አውቃለሁ አለመያዙን» አሉ። ሾርባቸውን አንዴ ቀመሱ። «ነገ አዲስ ይዘህ ና።»

ወንድም ጋሼ ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀና ዳቦውን ቆረሰ። ቀዝቃዛውን ሾርባ ሁላችንም እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣነው።

በኋላ ከእማማ ጋር ሳህን አነሳን። እኔ አጥባለሁ፣ እሳቸው በግራ እጃቸው ያደርቃሉ። ከመመገቢያ ክፍሉ የአባባና የወንድም ጋሼ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ እንጨት ነበር የሚጨቃጨቁት፣ አባባ ጮክ እያሉ። መደርደሪያው ላይ የሚመለሰውን ለማወቅ ብዬ፣ ደግሞም ትንሽ ላስደስታቸው ፈልጌ፣ «ሳህኑ ስንት ሆነ፣ እማማ?» አልኳቸው።

ፎጣውን እንደያዙ ወደ በሩ ጆሯቸውን ጥለው ነበር።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉኝ። «አልቆጠርኩም።»